ዶናቴሎን ከየት ቆመን እንየው? ጥያቄና መልስ

ስለ ጣሊያን ሕዳሴ ስናወራ የዶናቴሎ ስም በተነሣ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል። ስለዚህ ዛሬ ለእሱ ብቻ ጊዜ ሰጥቼ የመጣልኝን ሁሉ እመልሳለሁ። እኔ የሥዕል መምህር ነኝ። ሥራዎቹን ለማየት ፍሎረንስም፣ ሲዬናም፣ ፓዶቫም ደርሻለሁ፤ ከቀራጺዎች ሁሉ አብልጬ የምወደውም እሱን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ዶናቴሎ የሚለውን ስም የማውቀው ከልጆች ካርቱን ነው። ሰውየው ማነው? የማን ልጅ ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው ስሙን መጀመሪያ የሚሰማው ከዚያ ነው እህቴ፣ ምንም አይደል። ሙሉ ስሙ ዶናቶ ዲ ኒኮሎ ዲ ቤቶ ባርዲ ይባላል። ዶናቴሎ የቁልምጫ ስሙ ነው፤ "ትንሹ ዶናቶ" እንደ ማለት። በ1386 ገደማ ፍሎረንስ ተወለደ፣ እዚያው ፍሎረንስ ዲሴምበር 13 ቀን 1466 ሞተ። ሰማንያ ዓመት ያህል ኖሯል፤ ለዚያ ዘመን ረጅም ዕድሜ ነው።

አባቱ ኒኮሎ ሱፍ ነዳፊ ነበር። በ1378 የፍሎረንስ ሱፍ ሠራተኞች በከተማዋ ገዢዎች ላይ ሲነሡ እሱም አብሮ ተነሥቷል። ልጁ የተወለደው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1427 ለከተማው አስተዳደር ያስገባው የግብር ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አለ። ከእናቱ ከኦርሳ፣ ባሏ ከሞተባት እህቱ ከቲታና ከአካል ጉዳተኛ ልጇ ጋር በአንድ ቤት እንደሚኖር አስመዝግቧል። ያኔ ስሙ ገኖ ነበር፤ ቤቱ ግን የአንድ ተራ የእጅ ባለሙያ ቤት ነበር። ሚስት አላገባም።

ጥያቄ፦ ሙያውን ከማን ተማረ?

መልስ፦ በ1401 የፍሎረንስ ክርስትና ቤት የነሐስ በሮች ይሠሩ ተብሎ ውድድር ወጣ፤ ሎሬንዞ ጊቤርቲ አሸነፈ። ዶናቴሎ ከ1404 እስከ 1407 በጊቤርቲ የሥራ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ሰም መቅረጽ፣ ነሐስ መሞረድና ማጥራት ያየው እዚያ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የቀረጸው ግን ጓደኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ፣ በኋላ የፍሎረንስን ካቴድራል ጉልላት የሠራው፣ በዚያው ውድድር ተሸንፎ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ወደ ሮም ሄደው የጥንት ፍርስራሾችን ሲለኩና ሲቆፍሩ የሮም ሰዎች ሀብት ፈላጊ መስለዋቸው እንደነበር የብሩኔሌስኪን ታሪክ የጻፈው ማኔቲ ይነግረናል። ብሩኔሌስኪ በኋላ የርቀትን ሕግ፣ ማለትም ነገር ሲርቅ እንዴት እያነሰ እንደሚታይ፣ በሒሳብ አሳየ፤ ዶናቴሎ ያንኑ ሕግ በድንጋይና በነሐስ ላይ አዋለው።

የእንቁላሉን ታሪክ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ከዶናቴሎ ሞት በኋላ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ የአርቲስቶችን ታሪክ የጻፈው ጆርጆ ቫሳሪ እንዲህ ያወራዋል። ዶናቴሎ ለሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ስቅለት ሠርቶ ብሩኔሌስኪን "እንዴት ነው?" ቢለው፣ "ገበሬ ነው የሰቀልከው" አለው። "እንግዲያው አንተ እንጨት አምጣና ሥራ!" ብሎ መለሰለት። ብሩኔሌስኪ ዝም ብሎ ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ጓደኛውን ለምሳ ጠራው፤ እንቁላሉንና አይቡን በሽርጡ አስይዞ አስቀድሞ ወደ ቤት ላከው። ዶናቴሎ በሩን ገፍቶ ስቅለቱን ሲያይ ሽርጡን ለቀቀው፣ እንቁላሉ ሁሉ ተሰበረ። ቫሳሪ ታሪክ ማሳመር ይወዳልና እያንዳንዷን ቃል አትመኑት። ሁለቱ ስቅለቶች ግን ዛሬም አሉ፤ የዶናቴሎው በሳንታ ክሮቼ፣ የብሩኔሌስኪው በሳንታ ማሪያ ኖቬላ። የዶናቴሎው ክርስቶስ በእርግጥም የሠራተኛ ሰው አካል ነው ያለው። እኔ የምወደውም ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዶናቴሎን ቅዱስ ጊዮርጊስ ፎቶ አየሁ። ፈረሱ የት ሄደ? ያለ ፈረስ ጊዮርጊስ አይቼ አላውቅም።

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል ወንድሜ። እኛ ነጭ ፈረሱን ካላየን ጊዮርጊስ ነው አንልም። ፈረሱ አልጠፋም፤ ከሐውልቱ እግር ሥር ነው ያለው።

ኦርሳንሚኬሌ የሚባል ሕንፃ አለ፤ የእህል ገበያ የነበረ፣ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነ። የፍሎረንስ የሙያ ማኅበራት በውጭ ግድግዳው ላይ እያንዳንዳቸው የደጋፊ ቅዱሳቸውን ሐውልት የሚያቆሙበት ጎድጓዳ ነበራቸው። ጊዮርጊስን ያሠሩት ጥሩርና የጦር ዕቃ የሚሠሩት ናቸው፤ ከ1415 እስከ 1417 ባለው ጊዜ ገደማ። በሙሉ ትጥቅ፣ ጋሻውን ከፊቱ መሬት ላይ አቁሞ እንዲታይ ያደረጉት የእጅ ሥራቸው ስለሆነ ነው። በእብነ በረዱ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች የብረት ቁርና ሰይፍ ወይም ጦር ጭምር እንደነበረው ያሳያሉ። ለዚህ ማኅበር የደረሰው ጎድጓዳ ከኋላው ደረጃ ስላለ ከሌሎቹ ይልቅ ጥልቀት የለውም። ዶናቴሎ ይህን ጉድለት ተጠቀመበት፤ ቅዱሱ በግድግዳው ውስጥ የተደበቀ ሳይሆን ወደ መንገዱ ሊወጣ የተዘጋጀ ይመስላል። እግሩን ከፍቶ ቆሟል፣ ግንባሩ ግን ተቋጥሯል። ይህ ፍርሃትን የማያውቅ ጀግና አይደለም፤ ፈርቶም የማይሸሽ ወጣት ነው።

ከሥሩ ያለው እብነ በረድ ላይ ፈረሱ፣ ዘንዶውና ልዕልቲቱ አሉ። በእኛ ሥዕል ዛፍ ላይ የምናያት ብሩታዊት እዚህ በስተቀኝ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ከኋላዋ ባለ ቅስት ሕንፃ እየራቀ ይሄዳል። ሪሊፍ፣ ማለትም ከሰሌዳ ላይ ጎላ ብሎ የሚወጣ ቅርጽ፣ ከጥንትም ነበረ። ዶናቴሎ እዚህ ያመጣው አዲስ ነገር ጣሊያኖች ስኪያቻቶ፣ "የተደፈጠጠ" የሚሉትን ነው። ቅርጹ ከድንጋዩ የሚነሣው በጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ጭረት ብቻ ነው፤ ግን ዓይን ሩቅ አገር ያያል። በመሮ ሥዕል ሣለ ማለት ይቻላል። ሐውልቱም ሪሊፉም አሁን በባርጄሎ ሙዚየም ናቸው፤ በመንገዱ ላይ የቆመው ቅጂ ነው።

ጥያቄ፦ አንዳንዶቹ ሐውልቶች በፎቶ ሲታዩ የተዛቡ ይመስላሉ። ወገባቸው ይረዝማል፣ ጭንቅላታቸው ይገዝፋል። ስህተት ነው?

መልስ፦ ስህተት አይደለም። ዶናቴሎን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የለም። ፎቶ አንሺው ካሜራውን በሐውልቱ ደረት ትክክል ያቆማል፤ ዶናቴሎ ግን የሠራው ከታች፣ ከመንገድ ለሚያይ ሰው ነው።

ለበፍታ ነጋዴዎች ማኅበር በ1411 እና በ1413 መካከል ቅዱስ ማርቆስን ሠራ። ቫሳሪ እንደሚለው የማኅበሩ ሹሞች ሐውልቱ መሬት ላይ ሳለ አይተው አልወደዱትም። "ቦታው ላይ አቁሙልኝ፣ ትንሽ እሠራበታለሁ" አላቸው። ሸፍኖት አሥራ አምስት ቀን ቆየ፤ አንዲት ፍንጣሪ ሳያነሣ ገለጠው። ሁሉም አደነቁ። ይህን ታሪክ ተማሪዎቼ እንዲያምኑኝ ወንበር ላይ እየቆምኩ አሳያቸዋለሁ፤ ከታች ሲያዩኝ እግሬ ያጥራል፣ አገጬ ይገዝፋል። ማርቆስ የቆመበትን ትራስም አስተውሉ፤ የጨርቅ ነጋዴ ቅዱስ ስለሆነ ነው። ከክብደቱ በታች ትራሱ ሟሽሿል።

ለካቴድራሉ ፊት ለፊት የሠራው ወንጌላዊው ዮሐንስም እንዲሁ ነው። ሙዚየም ውስጥ በቁመትህ ልክ ስታየው ደረቱ ይረዝማል፤ ከሥሩ ቁጭ ብለህ ቀና ስትል ይስተካከላል። እኔ በሙዚየሙ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው ያየሁት። ጠባቂዋ መጣች፣ ምን እንደማደርግ ስነግራት ተወችኝ።

ከሁሉ የበዛው ለደወል ማማው የሠራው ነቢዩ ዕንባቆም ነው። ፍሎረንሳውያን ዙኮኔ ይሉታል፤ ዱባ ራስ ማለት ነው፣ መላጣ ስለሆነ። ማማው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ዓይኖቹን በጥልቀት ቦረቦራቸው፣ አፉን ከፈተው፣ የልብሱን እጥፋት እንደ ገደል ሰነጠቀው። ቫሳሪ እንደሚተርከው ሲሠራው "ተናገር! ተናገር!" እያለ ይጮህበት ነበር። ዙኮኔም ለዚያው ማማ የሠራው ነቢዩ ኤርምያስም አሁን በካቴድራሉ ሙዚየም ናቸው።

እዚያው ሙዚየም ሁለት የመዘምራን ሰገነቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ የሉካ ዴላ ሮቢያ ነው፤ የጠራ፣ የለሰለሰ፣ ያማረ። ሌላው ዶናቴሎ ከ1433 እስከ 1439 የሠራው ነው፤ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ሥራው ግን ሸካራ ነው። በቅርብ የሉካ ይበልጣል። በደብዛዛው ካቴድራል ውስጥ ከሩቅ ሲታዩ ግን ለስላሳው ደብዝዞ ሸካራው ነው የሚንቀሳቀሰው።

ጥያቄ፦ ዳዊት የሚባለው ሐውልት የማይክል አንጄሎ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እሱም አለ። ማይክል አንጄሎ የተወለደው በ1475 ነው፣ ዶናቴሎ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ዶናቴሎ ራሱ ሁለት ዳዊት አለው፤ ሁለቱም በባርጄሎ ናቸው። የመጀመሪያው በ1408 እና 1409 የቀረጸው ልብስ የለበሰ የእብነ በረድ ዳዊት ነው። በ1416 የከተማው መንግሥት ወደ ቤተ መንግሥቱ ወሰደው፤ ትንሽ ከተማ ትልልቅ ጠላቶች ስለነበሯት ዳዊት ምልክቷ ሆነ። ሁለተኛው የነሐሱ ነው፤ ብዙዎች በ1440 ገደማ እንደተሠራ ይገምታሉ። ቁመቱ 158 ሳንቲሜትር ነው፤ በፍሎረንስ ኃያል በነበረው በሜዲቺ ቤተሰብ ግቢ መካከል ቆሞ ነበር።

ጥያቄ፦ ነሐሱ ዳዊት ራቁቱን ነው። ንጉሥ፣ ነቢይ እንዴት እንዲህ ይቀረጻል? እኔን ቅር ብሎኛል።

መልስ፦ ቅሬታሽ ይገባኛል እህቴ፤ የመዝሙረ ዳዊትን ባለቤት በዚህ መልክ ማየት ለእኛ ከባድ ነው። ሁለት ነገር ልበልሽ። አንደኛ፣ መጽሐፉን እናስታውስ። ሳኦል የራሱን ጥሩር አለበሰው፣ የናስ ቁር ደፋለት፤ ዳዊት "በዚህ መሄድ አልችልም" ብሎ አወለቀው። ብላቴናው ያሸነፈው በትጥቅ አይደለም። ዶናቴሎ ያንን ነገር ወደ ጫፉ ወሰደው፤ የጎልያድ ራስ በከባድ ቁር ተሸፍኖ መሬት ላይ ወድቋል፣ የቆመው ልጅ ግን ከባርኔጣና ከጫማ በቀር ምንም የለውም። ሁለተኛ፣ ከጥንት ሮም ወዲህ ዙሪያውን የሚታይ ራቁት የነሐስ ሐውልት በዚህ ልክ የሠራ አልነበረም። የጥንቱን ጥበብ በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ አስነሣው። ካልወደድሽው ግን ዮዲትን እዪ።

ጥያቄ፦ ዮዲት ስትል መጽሐፈ ዮዲት ያለችው ናት?

መልስ፦ ራሷ ናት፤ እኛ መጽሐፏን ስለምናነብ ታሪኩን መንገር አያስፈልገኝም። በ1457 እና በ1464 መካከል የተሠራች ናት፣ ያኔ ዶናቴሎ ሰባ አልፎታል። ዮዲት የሰከረውን ሆሎፎርኒስን በጠጉሩ ይዛ ሰይፏን አንሥታለች። በ11 ክፍል ተቀልጣ የተገጣጠመች ናት። የራስ መሸፈኛዋ እውነተኛ ጨርቅ በሰም ተነክሮ የተሠራ ስለሆነ የጨርቁ ድርና ማግ በነሐሱ ላይ ይታያል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ቦታ ሲቀየር ትርጉም እንደሚቀየር በደንብ የምታሳየውም እሷ ናት። መጀመሪያ የሜዲቺዎች ንብረት ነበረች። በ1494 ሜዲቺዎች ከፍሎረንስ ሲባረሩ ሕዝቡ ሐውልቷን ወስዶ በመንግሥቱ ቤት ደጃፍ አቆማትና በ1495 አዲስ ጽሑፍ ጻፈባት፤ ዜጎች ለሕዝብ ደኅንነት ምሳሌ አድርገው አቆሟት የሚል። የሜዲቺዎች የነበረች ሐውልት የሜዲቺዎችን ውድቀት መታሰቢያ ሆነች። በ1504 ቦታዋን ለማይክል አንጄሎ ዳዊት ለቀቀች። ዛሬ ዋናዋ በፓላዞ ቬኪዮ፣ በዚያው በመንግሥቱ ቤት ውስጥ ናት፤ በአደባባዩ ያለችው ቅጂ ናት።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ ነሐስ እንዴት ነበር የሚያቀልጡት?

መልስ፦ ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የላሊበላ መስቀል የሚባሉት የዑደት መስቀሎቻችንም በዚሁ ነው የተሠሩት። መጀመሪያ ቅርጹ በሰም ይሠራል፤ ለትልቅ ሐውልት ሰሙ በጭቃ እምብርት ላይ ይለበጣል። ከውጭ እንደገና በጭቃ ይሸፈናል፣ ይተኮሳል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። በሰሙ ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ከዚያ ወራት የሚፈጅ የመሞረድ፣ የመቅረጽና አንዳንዴም በወርቅ የመቀባት ሥራ አለ። ማቅለጡን ዶናቴሎ ለደወልና ለመድፍ ቀላጮች ይሰጥ ነበር እንጂ ራሱ አይሠራም ነበር። ብዙ ጊዜም ሥራውን ሙሉ በሙሉ አያለሰልሰውም፤ የጣቱን ምልክት በሰሙ ላይ እንደተወ ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ ሀብታም ሆኖ ነው የሞተው? ጠባዩስ?

መልስ፦ ገንዘብ አይዝም ነበር። ቫሳሪ እንደሚለው ገንዘቡን በቅርጫት አድርጎ ከጣራ በገመድ ያንጠለጥለዋል፣ ሠራተኞቹና ጓደኞቹ ሳይጠይቁ የሚያስፈልጋቸውን ይወስዳሉ። ኮሲሞ ደ ሜዲቺ ጥሩ ካባ ሰጠው፤ አንድ ሁለት ቀን ለብሶ "በጣም ያምርብኛል" ብሎ መለሰው። የኮሲሞ ልጅ ፒዬሮ ለጡረታው የእርሻ መሬት ሰጠው፤ በዓመቱ መለሰለት፣ ምክንያቱም ገበሬው ስለ ንፋስና ስለ ከብት ስሞታ እየመጣ ሰላም ነሣው። ፒዬሮ የመሬቱን ያህል በየሳምንቱ ገንዘብ ቆረጠለት።

በዋጋ ግን አይደራደሩትም። አንድ የጄኖዋ ነጋዴ የነሐስ ራስ አሠርቶ፣ ዋጋው በቀን ሲሰላ በዛ ቢለው፣ ዶናቴሎ የነሐሱን ራስ ከሰገነት ወደ መንገድ ገፍቶ ሰባበረው፤ ባቄላ እንጂ ሐውልት መግዛት አልለመድክም አለው። ነጋዴው እጥፍ ሊከፍል ለመነ፣ ዶናቴሎ እንቢ አለ። በቀጠሮም አይታመንም። በፕራቶ ካቴድራል የውጭ ሰገነት ለመሥራት በ1428 ከሸሪኩ ከሚኬሎዞ ጋር ተዋዋለ። ሥራውን ትቶ ሮም ሄደ፤ ሰው ተልኮ ነው ያመጣው። ሰገነቱ በ1438 አለቀ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ ሐውልት አይደረግም። ከዚያ ዘመን ጣሊያን ጋር የነበረን ግንኙነት አለ?

መልስ፦ ትክክል ብለሃል፤ የእኛ ወግ ሥዕል ነው፣ የተቀረጸ ምስል አይደለም፤ ዶናቴሎን ሳደንቅ ይህን አልረሳም። ግንኙነቱ ግን አለ። ዶናቴሎ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰው ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አውጌንዮስ 4ኛ ወደ ጠሩት የፍሎረንስ ጉባኤ መጥተዋል። በዚያ ዓመት ጊዮርጊሱ በኦርሳንሚኬሌ ግድግዳ፣ የመዘምራን ሰገነቱም በካቴድራሉ ቆመው ነበር። ፊላሬቴ የሚባለው ቀራጺ በ1445 ባጠናቀቃቸው የሮም ቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ በሮች ላይ እነዚያን የምሥራቅ መልእክተኞች ቀርጿቸዋል። ሮም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዋናው መካከለኛው በር ነውና ቀረብ ብላችሁ ታናናሾቹን ሪሊፎች እዩ። ይኸው ፊላሬቴ በኋላ ዶናቴሎን ነቅፎታል፤ በፍሎረንስ በሳን ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በሮች ላይ የሚከራከሩትን ሐዋርያት ሰይፍ የሚማዘዙ ይመስላሉ አለ።

ጥያቄ፦ ፓዶቫ ለምን ሄደ?

መልስ፦ ሥራ ጠርቶት። ከ1443 እስከ 1453፣ አሥር ዓመት ገደማ እዚያ ኖረ። ለፓዶቫው ቅዱስ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ ስቅለት፣ ቀጥሎም ሰባት ሐውልቶችና የቅዱሱን ተአምራት የሚያሳዩ ሪሊፎች ያሉበት መንበር ሠራ። የመንበሩ አቀማመጥ በኋላ ፈርሶ በ1895 በአዲስ መልክ ስለተደረደረ የምናየው የእሱን ቅደም ተከተል አይደለም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ማንን ከማን አጠገብ እንዳቆመ ነበርና ትልቁ ነገር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ላለው አደባባይ የጋታሜላታን ፈረሰኛ ሐውልት ሠራ። ጋታሜላታ በ1443 የሞተ የቬኒስ ቅጥር የጦር አዛዥ ነው። ሮም ያለው የጥንቱ ቄሣር የማርቆስ አውሬሊዎስ ፈረሰኛ ሐውልት ምሳሌ ሆኖታል፤ ከጥንት ወዲህ በዚህ ግዝፈት ተሠርተው ከቀሩት የነሐስ ፈረሰኞች የመጀመሪያው ነው። የፈረሱ አንድ የፊት እግር ተነሥቶ በኳስ ላይ አርፏል፤ ያን ሁሉ ክብደት በሦስት እግር ብቻ ለማቆም አልደፈረም። ፓዶቫዎች እንዲቀር ለምነውት፣ እዚህ ሁሉም ስለሚያመሰግነኝ የማውቀውን እረሳለሁ፣ ፍሎረንስ ስለሚነቅፉኝ እማራለሁ ብሎ ተመለሰ ይላል ቫሳሪ።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል የቱን ትመርጣለህ?

መልስ፦ ማርያም መግደላዊትን። ከእንጨት የተሠራች ናት፣ 188 ሳንቲሜትር። በበረሃ በንስሐ የኖረች፣ ጥርሷ የረገፈ፣ ጉንጯ የጎደጎደ፣ ጠጉሯ ብቻ ልብሷ የሆነ ሴት። እጆቿ ለጸሎት ተቀራርበዋል፣ ግን አልተነካኩም። በመካከላቸው ያለችው ክፍተት ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። ከቅዱሳን ገድል ውስጥ ባሕታውያንን ለምናውቅ ለእኛ ይህች ሴት እንግዳ አይደለችም።

ብዙ ጊዜ በፍሎረንስ ክርስትና ቤት ነበረች። ኖቬምበር 4 ቀን 1966 አርኖ ወንዝ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ጭቃና ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ደረሰባት። በጥገናው ጊዜ ግን በኋላ ዘመን የተቀባው ጥቁር ቀለም ሲነሣ ከሥሩ የሰው ገላ ቀለምና በጠጉሯ ላይ ወርቅ ተገኘ። ሰዎች ለዘመናት ጨለማ ናት ብለው ያወሩላት ሐውልት የወርቅ ጠጉር ነበራት። አሁን በካቴድራሉ ሙዚየም ናት።

ጥያቄ፦ የእሱ መሆናቸው እንዴት ይታወቃል? ፊርማ አለ?

መልስ፦ አንዳንዱ ላይ አለ፤ ዮዲትና ጋታሜላታ "የፍሎረንሳዊው ዶናቴሎ ሥራ" የሚል የላቲን ጽሑፍ አላቸው። ለብዙዎቹ የማኅበራትና የካቴድራሉ የክፍያ መዝገቦች አሉ። ጥገናም ይናገራል፤ ቬኒስ በፍራሪ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእንጨት ዮሐንስ መጥምቅ የሽምግልና ዘመኑ ሥራ ይባል ነበር። በ1973 ሲጠገን ከቀለሙ ሥር 1438 የሚል ዓመት ወጣ። ከዚያ ወዲህ መግደላዊትንም ወደ 1440 አካባቢ የሚያቀርቧት በዙ።

ጥያቄ፦ የጠፉ ሥራዎችስ?

መልስ፦ አሉ። በ1410 ለካቴድራሉ ከሸክላ የሠራው ግዙፍ ኢያሱ ጠፍቷል። በአሮጌው ገበያ መካከል በዓምድ ላይ የቆመችው "ጥጋብ" የምትባል ሐውልት በ1721 ወድቃ ተሰበረች። ገበያተኛው በየቀኑ ቀና ብሎ የሚያያት ነበረች።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው ያለሁት፤ ጣሊያን ሳልሄድ ማየት የምችለው አለ?

መልስ፦ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሂጂ። ክርስቶስ ሲያርግ ለጴጥሮስ መክፈቻ የሚሰጥበት የእብነ በረድ ሪሊፍ እዚያ ነው፤ በጎን ብርሃን ካላየሽው ግማሹን አታዪውም። በዚያው የኬሊኒ ማዶና (ማዶና እመቤታችን ማለት ነው) የምትባል ክብ የነሐስ ሥራ አለች። በ1456 ዶናቴሎ ታሞ ያከመውን ሐኪም ጆቫኒ ኬሊኒን ያመሰገነባት ስጦታ ናት፤ ሐኪሙ በመዝገቡ ጽፎታል። ጀርባዋ ያው ምስል በግልባጭ የተቦረቦረ ስለሆነ የቀለጠ ብርጭቆ ቢፈስበት ምስሏ ይወጣል። ሙዚየሙ በ1976 ገዛት። ቦስተን ያላችሁ ደግሞ በጥበብ ሙዚየሙ "የደመናዋ ማዶና"ን፣ በርሊን ያላችሁ የፓዚ ማዶናን እዩ።

ጥያቄ፦ ሲዬናስ ምን አለ?

መልስ፦ በካቴድራሉ ክርስትና ቤት፣ በጥምቀት ገንዳው ዙሪያ "የሄሮድስ ግብዣ" አለ። 60 ሳንቲሜትር በ60 የሆነ በወርቅ የተቀባ ነሐስ ነው፤ በ1427 የተጠናቀቀ። የዮሐንስ ራስ በወጭት ሲቀርብ ሄሮድስ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ልጆች ይበተናሉ፣ አንዱ እንግዳ ፊቱን ይሸፍናል፤ የማዕዱ መካከል ባዶ ይቀራል። ከኋላ ሦስት ክፍሎች አንዱ ከአንዱ እየራቀ በቅስቶች ይታያል። የብሩኔሌስኪ የርቀት ሕግ በነሐስ ላይ እንዲህ ሲሠራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ተንበርክከህ እይ፣ ዝቅ ብሎ ነውና የተቀመጠው።

ጥያቄ፦ ፍሎረንስ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፤ በምን ቅደም ተከተል ልሂድ?

መልስ፦ ጠዋት ኦርሳንሚኬሌ፤ ቅጂዎቹን ከመንገዱ ሆነህ ቀና ብለህ እይ፣ ዓይንህ ቁመቱን እንዲይዝ። ከዚያ የካቴድራሉ ሙዚየም፣ ለዙኮኔና ለመግደላዊት ጊዜ ስጥ። ከምሳ በፊት ባርጄሎ። ከሰዓት ሳንታ ክሮቼ፤ ስቅለቱን ካየህ በኋላ በቀኝ ግድግዳ ከግራጫ ድንጋይ የተቀረጸችውን ብሥራት ፈልግ፤ እመቤታችን መልአኩን ስትሰማ ሊሸሽ እንደ ቃጣው ሰው ፈቀቅ ብላለች።

የመጨረሻውን ሰዓት ለሳን ሎሬንዞ አስቀር። የተቀበረው እዚያ ነው፣ በ1464 በሞተው በኮሲሞ አጠገብ። ከላይ በዓምድ ላይ የቆሙት ሁለት የነሐስ የስብከት ሰገነቶች የመጨረሻ ሥራዎቹ ናቸው፤ አንዱ ሰሌዳ ላይ ጁን 15 ቀን 1465 የሚል ቀን አለ። የቀረውን ደቀ መዝሙሩ ቤርቶልዶና ሌሎች ጨረሱት፤ ቤርቶልዶም በኋላ ወጣቱን ማይክል አንጄሎን አስተማረ። ትንሣኤውን ፈልግ። በሌሎች ሠዓልያን ዘንድ ክርስቶስ ከመቃብር የሚነሣው በብርሃን ተንሳፍፎ ነው። እዚህ ግን መግነዙ ከገላው ጋር እንደተጣበቀ፣ አንድ እግሩን በመቃብሩ አፍ ላይ አድርጎ፣ በሰንደቁ ተደግፎ፣ እንደ ደከመ ሰው ይወጣል። ወታደሮቹ ከታቹ ተኝተዋል፤ አንዱም አልነቃም።